«በቤታችሁ አትቀበሉት» ሲል ማንን ነው?

የመሸበት መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ደጅ ሲቆም እግሩን አጥቦ ማሳደር ወግ በሆነበት በጎጃም፣ 2ኛ ዮሐንስ ቁጥር 10 ግር ያሰኛል፤ ይህን ትምህርት ሳያመጣ የሚመጣውን በቤታችሁ አትቀበሉት፣ ሰላምም አትበሉት ይላልና። ታዲያ የቢቸና ሰው እምነቱ የተለየ ጎረቤቱን «እንደምን አደሩ» ማለት ሊተው ነው? ኧረ በጭራሽ! ቁጥር 7 እንደሚያሳየው ነገሩ ክርስቶስ በሥጋ መምጣቱን የሚክዱ አሳቾችን ይመለከታል። በዚያ ዘመን ምእመናን የሚሰበሰቡት በየቤቱ ስለነበር፣ ዘዋሪ አስተማሪን ማሳደር መድረክና ስንቅ መስጠት ነበር። ለተራበ እንጀራ አይከለከልም፤ ለሐሰት አስተማሪ ግን ጉባኤ አይጠራም፣ ገንዘብም አይዋጣም። ጥቅሱን የቂም መሸፈኛ የሚያደርጉ ሰዎች እርስ በርሳችን እንዋደድ የሚለውን ቁጥር 5ን ዘለውት አልፈዋል።