በአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች የሚሰፉ ልብሶችና ስጦታዎች፦ ከየት ተገኝተው፣ እንዴት ተቆርጠው

ከመሀል ከተማ ወጣ በሉ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የትም ሂዱ፤ ኮንዶሚኒየም ካለ ልብስ ሰፊ አለ። ሱቅ መከራየት የቻለች ከሕንፃው ሥር ጠባብ ክፍል ይዛለች፤ ያልቻለች የእግር መኪናዋን በረንዳ ላይ ወይም ሸራ ሥር አቁማለች። እንጀራቸው ማሳጠር፣ ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየርና ዩኒፎርም ነው። እዚህ የምናወራው ግን በትርፍ ጊዜ ተጀምሮ አሁን ለአንዳንዶቹ ራሱን የቻለ ገቢ ስለሆነው ሥራ ነው። ወጣ ካለ ጨርቅ የሚሰፉ ቀሚሶች፣ የልጆች ልብሶች፣ ቦርሳዎች፣ ሽርጦች፣ አንቀልባዎች፣ የቤት ስጦታዎች።

ወጣ ያለው ጨርቅ ቀጭኔና ባቡር የታተመበት ሊሆን ይችላል። የጥበብ ቁራጭ፣ ትልልቅ አበባ ያለበት አሮጌ መጋረጃ፣ የቡና ጆንያ፣ ያረጀ ጋቢም ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፤ ከሌላ ሰው ሥራ የተረፉ ናቸው። ዳር ሰፈር ያለች ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ሞዴል መርጣ፣ ከዚያ ጨርቅ ፍለጋ የምትወጣበት ጊዜ ትንሽ ነው። መጀመሪያ ጨርቁ ይገኛል። ምን እንደሚወጣው የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሙያውም ያለው እሱ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ከሰሜን እንጀምር። እንጦጦ ግርጌ ያለው ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ገበያ ነው። በዙሪያው ባሉት የጉለሌ ሰፈሮች ሸማኔዎች ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ከጋሞ፣ በተለይ ከዶርዜ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ ስለሚሠራ የሸማው ስፋት ከክንዱ አያልፍም፤ ሜትር የሚሞላው ስንቱ ነው። ስለዚህ የሀበሻ ቀሚስ ሲሰፋ ቁራጭ ከቁራጭ ይገጠማል፣ ከዳርና ከጫፍም ይተርፋል። ያቺ የተረፈች ጥበብ ያለባት ጫፍ ናት ለስጦታ ሰፊዎች ሲሳይ የሆነችው። አንድ ስንዝር ጥበብ ለክራባት፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ ማህደር፣ ለትራስ ጠርዝ ወይም ለሕፃን ቀሚስ አንገት ይበቃል።

ጥበብ ግን ያስቸግራል። መቀስ ገና ሲነካው መተርተር ይጀምራል። የለመደችው ሰፊ እንዲህ ታደርጋለች፦ የምትቆርጥበትን መስመር በሳለች ሳሙና ታሰምራለች፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በመኪና ጠበቅ አድርጋ ትሰፋለች፣ ከዚያ በመሀል ትቆርጣለች። ጫፉ ከመፈታቱ በፊት ተያዘ ማለት ነው። ኦቨርሎክ ያላት በኦቨርሎክ፣ የሌላት በዚግዛግ ትጨርሰዋለች። የድሮዎቹ መኪናዎች ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ስለሚያውቁ እነሱን የያዘች ቁጭ ብላ በእጇ ትዘመዝማለች። ይህን ሁሉ ላለማየት ብለው ብዙዎች ወደ ቻይናው የታተመ ጥበብ ዞረዋል። ሰፊ ነው፣ አይተረተርም፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። ለሸማኔው ግን መርዶ ነው። ልጅ አፈር ላይ ለሚንከባለልበት ልብስ ይሁን፤ ለእናት በሚሰጥ ነገር ላይ ግን ቢያንስ ጠርዙ የእጅ ሥራ ቢሆን ደስ ይላል። መለየት ከፈለጋችሁ ገልብጡት። የተሸመነ ጥበብ ክሩ ከጀርባም ይታያል፤ የታተመው ጀርባው ደብዛዛ ነው።

እዚያው እንጦጦ አካባቢ፣ ቀድሞ ከተራራው ማገዶ በጀርባቸው ያወርዱ የነበሩ ሴቶች ተደራጅተው ሻርፕ እየሸመኑ ይሸጣሉ። ወደ ምዕራብ ስትዞሩ ዘነበወርቅ አለ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ በ1958 ዓ.ም. እዚያው ላይ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከሉ አለርት ተቋቋመ። ሥጋ ደዌ የጎዳቸው ሴቶች የጠለፏቸው የትራስ ልብሶችና የጠረጴዛ ጨርቆች ለስጦታ ሲገዙ የኖሩት ከዚህ ነው። ቤተልሔም ጥላሁንም የጫማ ድርጅቷን ሶል ሬብልስን በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የጀመረችው በዚሁ ሰፈር ነው። የጫማው ሶል የመኪና ጎማ፣ ላዩ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ፤ ከተረፈ ነገር ዓለም አቀፍ ገበያ የደረሰ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ልባሽ ነው፤ ቦንዳ የምንለው። ልባሽ ጨርቅ ከውጭ ማስገባት ክልክል ነው። የጉምሩክ የኮንትሮባንድ ዜና ላይ ግን ስሙ አይጠፋም፣ ገበያ ላይም አይጠፋም። ሰፊዎቹ ክምሩ ውስጥ የሚፈልጉት ቀሚስና ሱሪ አይደለም። መጋረጃና አንሶላ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ መጋረጃ መሀሉ ላይ ስፌትም ኪስም የሌለበት ሰፊ ጨርቅ ነው፣ አበባውም ዛሬ ሱቅ ውስጥ የማታገኙት ዓይነት ይሆናል። ከልብስ ከተባለ ደግሞ ትልቅ የወንድ ሸሚዝ ይፈለጋል። ሸሚዙ ተገልብጦ ቁልፎቹ ሳይነኩ ወደ ኋላ ከዞሩ ለትንሽ ልጅ ቀሚስ ይወጣዋል። ቁልፍ መትከል የለ፣ የቁልፍ ቀዳዳ መሥራት የለ። የእጅጌው ቁራጭ ኪስ ይሆናል።

አዲስ ጨርቅ ያው ከመርካቶ ነው። ጣቃው ሊያልቅ ሲል የምትተርፈዋን ሜትር ከምናምን ጠይቁ፤ ነጋዴው እሷን ይዞ መቆየት ስለማይፈልግ ዋጋ ይቀንሳል። የልጆች ሥዕል ያለባቸው ጨርቆች ብዙ ጊዜ የሚገኙት እንዲህ ነው፤ ስፋታቸውን ግን ሳትለኩ አትክፈሉ። አንዳንዱ 1.10 ሜትር፣ አንዳንዱ 1.50 ሜትር ስፋት አለው፤ ያ ልዩነት አንድ የልጅ ቀሚስ ነው።

ደቡብና ምሥራቁ የፋብሪካ አገር ነው። አቃቂ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያውቃል። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. አካባቢ ተከፍቶ ለውጭ ገበያ ልብስ ሲሰፋበት ቆይቷል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ለመላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ዕድል ስትወጣ ወደ አሜሪካ የሚልኩ ልብስ ሰፊ ፋብሪካዎች ተመቱ። ከፋብሪካ የወጣች ልጅ ቤቷ መኪና ስትገዛ አንድ ነገር ይገጥማታል። ፋብሪካ ውስጥ አንዷ እጅጌ ብቻ፣ አንዷ ኪስ ብቻ፣ አንዷ አንገት ብቻ ነው የምትሰፋው። ስለዚህ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ፍጥነቷ ያስቀናል፤ ልክ መውሰድና ቅድ ማውጣት ግን ከባዶ ትጀምራለች። የሰፈሯ ልብስ ሰፊ ደግሞ ተቃራኒዋ ናት። ዓይኗ ልክ ነው፣ መቀሷ ደፋር ነው፣ ስፌቷ አንዳንዴ ይወላገዳል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ማየት ነው።

ስለ መኪና ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሲንገርና በተርፍላይ፣ ጥቁር፣ በእግር የሚረገጥ። ዳር ሰፈር ላይ ያልጠፋበት ምክንያት መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ኤሌክትሪክ መኪና ያላት እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፣ በእግር የምትረግጠዋ ትቀጥላለች። መርፌ ላይ ግን አትሰስቱ። ለስስ ጨርቅ 11 ቁጥር፣ ለመካከለኛ 14፣ ለጂንስና ለጆንያ 16። ሸማን በ16 ቁጥር መርፌ የሰፋ ሰው ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎት ይነሳል።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፦ መቁረጥ። ቀጭኔ የታተመበትን ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ቀጭኔዎቹ ሁሉ ራሳቸው ወደ አንድ ጎን ነው? እንግዲያው ጨርቁ ላይና ታች አለው። ባለ አንድ ቀለም ቢሆን የፊቱን ቁራጭ ቀና፣ የኋላውን ገልበጥ አድርጎ በማጠጋጋት ጨርቅ ይቆጠብ ነበር። እዚህ ያ አይሠራም፤ የኋላው ቀጭኔ በጭንቅላቱ ይቆማል። ቀጥሎ ትከሻው ነው። ጨርቁ ሳይቆረጥ ከፊት ወደ ኋላ በትከሻ ላይ ካለፈ ፊት ቀና ያለው ቀጭኔ ኋላ ተዘቅዝቆ ይወጣል፤ ስለዚህ ትከሻ ላይ የግድ ስፌት ይገባል። ኪስም አለ። ኪሱ ደረት ላይ ሲለጠፍ የቀጭኔው አንገት ሥሩ ካለው አንገት ጋር መግጠም አለበት። ወይ በትክክል ይግጠም፣ ወይ ኪሱ ከነአካቴው ከሌላ ጨርቅ ይሁን፤ ትንሽ ሳት ያለ ኪስ የሰነፍ ሥራ ያስመስላል። ለዚህ ሁሉ ሲባል ከተለመደው ልክ ሩብ ወይም ግማሽ ሜትር ጨመር አድርጎ መግዛት ነው።

ጨርቁ ከጮኸ ቅዱ ዝም ይበል። ይህን የማይሰሙ ብዙ ናቸው። ባለ ቀጭኔ ጨርቅ ላይ ሽንሽን፣ ሽንሽኑ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ሪባን ይጨምሩና ልጅቷ የልደት ኬክ መስላ ትወጣለች። ቀጥ ያለ ቀሚስ፣ ሁለት ኪስ፣ በቃ።

ጥጥ ከሆነ ሳታጥቡ አትቁረጡ፤ መጀመሪያ ታጥቦ ይሰብሰብ፣ ካውያ ይነካው፣ ከዚያ ልክ ይወሰድበት። ደንበኛ ቤት ሄዶ የሚያጥር ቀሚስ ጓደኝነት ያፈርሳል። ጆንያ ግን ይህን ሕግ አይወድም። 60 ኪሎ የሚይዘው የኤክስፖርት ቡና ጆንያ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ይላላል፤ አራግፎ ፀሐይ ማስመታት ይሻላል። ክሩ ስለሚረግፍና ቆዳ ስለሚኮሰኩስ ውስጡ ገበር ይፈልጋል። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ቦርሳው ፊት ላይ እንዲውል ተደርጎ ሲቆረጥ ያምራል። አሮጌ ጋቢ ደግሞ የሁሉም ለስላሳ ነው። ድርብርብ ስለሆነና ታጥቦ ታጥቦ ስለለዘበ ለሕፃን ብርድ ልብስ እሱን የሚያክል የለም። የአያት ጋቢ ለልጅ ልጅ መጠቅለያ እንዲሆን ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉ፤ እዚህ ላይ ሰፊዋ መቀሷን ስታነሳ እጇ ቢንቀጠቀጥ አይፈረድባትም፣ ምትክ የለውማ።

ስጦታው እንደ ወቅቱ ይለያያል። ለአራስ ጥየቃ አንቀልባ ይወሰዳል። የድሮው ቆዳ ነበር፣ ዛጎል የተደረደረበት፤ አሁን ከወፍራም ጨርቅ ተሰፍቶ ፊቱ ላይ ጥበብ ወይም የልጆች ሥዕል ይለጠፍበታል። ማሰሪያው ላይ ቀልድ የለም፤ ደጋግሞ ተሰፍቶ፣ ተስቦ፣ ተፈትኖ ነው የሚሰጠው። ቤት ለገባ ሰው የመሶብና የረከቦት ልብስ፣ ለአዲስ ሙሽራ ጥንድ ሽርጥ። ኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሲገባ ማስክ ሆነ፤ ብጣሽ በመስፋት ሥራውን የጀመሩም አሉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ ጸደቀና የጨርቅ ዘንቢል ፈላጊው በረከተ። ዘንቢል ቀላል ስፌት ነው፤ ጣጣው እጀታው ላይ ነው። ሽንኩርትና ድንች ሲሞላ የሚቀደደው እዚያ ስለሆነ ስፌቱ አራት ማዕዘን ተሰርቶ መሀሉ በኤክስ ይሰፋል።

ነሐሴና መስከረም ላይ ግን ምንም አትዘዙ። ዩኒፎርም ነው፣ ሌላ ሥራ አይታይም። ጥር ሌላው ግርግር ነው፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ያለ ሕዝብ ነን፣ ከጥምቀት ማግስት ደግሞ እስከ ዐቢይ ጾም ሰርግ በሰርግ ነው። የልብስ ሰፊ ቀጠሮ ያው ታውቁታላችሁ፦ «ነገ ነይ፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው።» እኔም ለልደት ያዘዝኩትን ልደቱ ካለፈ በኋላ ተቀብያለሁ፤ ሰፊዋን ስሟን አልጠራም፣ ሥራዋ ስለሚያምር እስከ ዛሬ ደንበኛዋ ነኝ። መፍትሔው የጾም ወቅትን መጠቀም ነው። ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ጊዜ ሰጥተው ይሰፋሉ።

የሚያጣላው ዋጋ ነው። «ብጣሽ ጨርቅ ናት እኮ!» የማይል ገዢ የለም። ጨርቁማ ብጣሽ ነው። የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ነው፤ ቁራጭ መምረጥ፣ ማጠብ፣ መተኮስ፣ ማጋጠም ከአንድ ሙሉ ጣቃ ላይ ከመቁረጥ ይልቅ ጊዜ ይበላል። ከአሥር ቁራጭ የተገጣጠመ ትራስ ከአንድ ጨርቅ ከተሰፋው ቢወደድ አትገረሙ። ብዙዎቹ አሁን በቴሌግራምና በቲክቶክ ይሸጣሉ፣ በበዓል ሰሞን ባዛር ላይ ጠረጴዛ ይጋራሉ። ፎቶ ብቻ አይታችሁ ከምትገዙ የውስጡን ፎቶ ጠይቁ። ጠርዙ ያልተዘመዘመ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ስጦታውን ስትሰጡ አስተጣጠቡን አብራችሁ ንገሩ። ጥበብ ያለበት ነገር መጀመሪያ ጊዜ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በረኪና ሳይነካው ይታጠብ፤ ቀዩና ጥቁሩ ክር ቀለም ሊለቅ ይችላል። ካውያውም ከጀርባው በኩል፣ ስስ ጨርቅ አልብሶ።