የጦር መርከብ የሰላም ጊዜ ወጪ ምንድን ነው?

ባሕር ኃይል እንደገና ይቋቋማል ከተባለበት ከ2018 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኮምቦልቻ ላይ የድሮ የአሰብ መስመር ሹፌሮች ቡና ሲጠጡ ወሬው ይነሳል። ክርክሩ መርከብ በስንት ይገዛል የሚለው ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቆማ ስንት ትበላለች የሚለው ነው።

የሰላም ጊዜ ወጪ ማለት መርከቧ አንድ ጥይት ሳትተኩስ የምትፈጀው ገንዘብ ነው። ባቲ መንገድ ዳር ሥራ ፈትቶ የቆመ ተሳቢ ያለው ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጭነት ኖረም አልኖረም ቦሎ ይታደሳል፣ ባትሪ ይወርዳል፣ ጎማ ይደርቃል።

መርከብ ላይ ደግሞ ጨው አለ። የባሕር ውሃ ብረት ይበላል። ከውሃ በታች ባለው አካሏ ላይ ዛጎል ያላቸው ትናንሽ እንስሳት ይጣበቃሉ፤ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ነዳጅም ትጨርሳለች። ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ ድራይ ዶክ ትገባለች። ይህ በባሕር ዳርቻ ላይ የተቆፈረ ትልቅ ገንዳ ነው። መርከቧ ከገባች በኋላ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው በፓምፕ ይመጠጣል፣ እሷም በተደረደሩ ድጋፎች ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ መፋቅ፣ መበየድ፣ መቀባት ነው። የባሕረኛው ደሞዝ በዚህ ሁሉ ጊዜ አይቆምም።

የአሜሪካዋ አውሮፕላን ተሸካሚ ጆርጅ ዋሽንግተን ለእድሜ አጋማሽ ጥገናና ለኒውክሌር ነዳጅ ቅየራ በ2017 ገብታ የወጣችው በ2023 ነው። ውሉ ሲፈረም ብቻ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አንድ ትልቅ መርከብ ሁሌ ባሕር ላይ እንድትኖር ሦስት ያስፈልጋሉ የሚባለውም ለዚህ ነው፦ አንዷ ትዘዋወራለች፣ አንዷ ልምምድ ላይ ናት፣ አንዷ ጋራዥ።

አቅም ሲያጥርስ? ታይላንድ ቻክሪ ናሩቤት የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ተሸካሚ በ1997 ተረከበች። በዚያው ዓመት የእስያ የገንዘብ ቀውስ መጣ። መርከቧ አብዛኛውን ዕድሜዋን ወደብ ላይ ታስራ አሳለፈች።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ትልቋ መርከባችን «ኢትዮጵያ»፣ በ1962 ከአሜሪካ የመጣች አሮጌ መርከብ፣ በ1991 ወደ የመን ሸሽታ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የቀሩት መርከቦች ዞረው ዞረው ጅቡቲ ላይ ቆሙ። የወደብ ክፍያው ተጠራቀመ። በ1996 ጅቡቲ ዕዳዬን ብላ ለጨረታ አወጣቻቸው፤ አራቱን የገዛችው ኤርትራ ናት።