ስለ ፍላሽ ካሴት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዘመድ ከውጭ አገር ያመጣላቸውን ጌም ቦይ ወይም ኒንቴንዶ ዲኤስ የተባለ በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ይዘው ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው የጥገና ጠረጴዛዬ የሚመጡ ወጣቶች ስለ ፍላሽ ካሴት ያላቸው ግንዛቤ ብዙውን ጊዜ ከስሙ ጀምሮ የተሳሳተ ነው። «ፍላሽ» ሲባል ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካው ፍላሽ ስለሚታወሳቸው፣ ዋናውን ጨዋታ በራሱ የሚገለብጥ ይመስላቸዋል። ፍላሽ ካሴት ግን የዋናውን ካሴት፣ ማለትም ጨዋታው ተቀርጾበት መጫወቻው ላይ የሚሰካውን፣ ቅርጽ የያዘና ሚሞሪ ካርድ የሚገባበት ማጫወቻ ነው፤ የጌም ቦይን ጨዋታ ከዋናው ካሴት አንብቦ ወደ ኮምፒዩተር የሚያወጣው በዩኤስቢ የሚገናኝ ሌላ ማንበቢያ ነው።

የጨዋታ ቅጂ መያዝ በሙሉ ወንጀል ነው የሚሉም፣ ምንም ገደብ የለውም የሚሉም ተሳስተዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል፤ ያልገዙትን ጨዋታ ማውረድ ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው።

ትልቅ ሚሞሪ ይሻላል የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ከቆዩት የዲኤስ ፍላሽ ካሴቶች አንዳንዶቹ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ካርድ አያነቡም።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ «ባትሪው ከሞተ ጨዋታውም ሞቷል» ተብሎ ካሴት ሲጣል ማየት ነው። ጨዋታው የተቀረጸው ኃይል በማይፈልግ ቺፕ ላይ ሲሆን፣ በካሴቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ የምትጠብቀው ተጫዋቹ የደረሰበትን ደረጃ፣ ማለትም ሴቩን፣ የያዘውንና ኃይል ሲቋረጥበት ሁሉን የሚረሳውን ሌላ ቺፕ ነው። እንደ ፖክሞን ጎልድ ያሉ፣ በውስጣቸው ሰዓት የሚቆጥሩ ካሴቶች ባትሪያቸውን ቶሎ ይጨርሳሉ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ፖክሞን ሩቢ ግን ሴቩን የሚያስቀምጠው ባትሪ በማይሻ ቺፕ ላይ ስለሆነ፣ ባትሪው ሲያልቅ የሚቆመው ሰዓቱ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ጎልድን ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ ወንድሜ በልጅነቱ የደረሰበት ነውና እንዳይጠፋብኝ» አለኝ። ባትሪዋ ገና ጨርሳ ስላልሞተች፣ በካውያ ከመንቀሌ በፊት ሴቩን በማንበቢያው ወደ ኮምፒዩተር አወጣሁ፤ አዲሷን ከበየድኩ በኋላም መልሼ ጻፍኩት። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ኖሮ የወንድሙ ልፋት በአንድ ቅጽበት ይጠፋ ነበር።

ያው ወጣት ፍላሽ ካሴት ላይ «ሴቭ» ያሉት ሁሉ ወዲያው ሚሞሪው ላይ ይጻፋል ብሎ ያምን ነበር። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ሴቩ መጀመሪያ የሚቀመጠው በካሴቱ ውስጥ ባለው ቺፕ ነው፤ ወደ ሚሞሪው የሚሻገረው ወደ ዋናው ማውጫ ሲመለሱ ወይም መሣሪያውን ደግመው ሲያበሩ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ካርዱን አውጥቶ የሚገለብጥ ሰው የሚያገኘው የድሮውን ሴቭ ነው። ይህን ካሳየሁት በኋላ ፍላሽ ካሴቱን አብረን አዘጋጀነው፤ የወንድሙ ሴቭ ዛሬ ባትሪዋ በተቀየረችለት ካሴት፣ በፍላሽ ካሴቱ ሚሞሪና በቤታቸው ኮምፒዩተር ውስጥ ይገኛል።