የደመራው ሌሊት ግጭት፦ ምድርን ከአስትሮይድ መከላከል

አስትሮይድ ፀሐይን የሚዞር አለት ነው። አብዛኛው እኛ ጋ ዝር አይልም። የምድርን መንገድ የሚያቋርጡም አሉ፤ እነሱን ቀድሞ ማግኘትና አቅጣጫ ማስቀየር ነው ሥራው። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1900 ዓ.ም. ሳይቤሪያ፣ ቱንጉስካ ሰማይ ላይ የደረሰው ፍንዳታ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ደን አንጥፏል። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ያለውን ውሃ አስቡትና ሁለት ሦስተኛውን ውሰዱ። በ2005 ዓ.ም. ሩሲያ፣ ቼልያቢንስክ ከተማ ላይ የፈነዳው ደግሞ 20 ሜትር ብቻ ነበር። 1,500 ያህል ሰው ተጎዳ፤ አብዛኛው በተሰበረ መስታወት።

ዓባይ ከጣና ወጥቶ በሚያልፍባት ሱዳንም ወድቋል። መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. 4 ሜትር ገደማ የሆነ አስትሮይድ ኑብያ በረሃ ላይ ተበተነ። ከዚያ በፊት፣ አንድ ቀን እንኳ በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ አሜሪካ አሪዞና ያለ ቴሌስኮፕ አይቶት ነበር። ከመውደቁ በፊት የታየ የመጀመሪያው አስትሮይድ እሱ ነው። ስብርባሪውን የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በረሃውን እያሰሱ ለቀሙት።

መሣሪያ ሲባል ብዙ ሰው ቦምብ ያስባል። እስካሁን የተሞከረው ግን መግጨት ነው። መስከረም 16 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ደመራ ለኩሰን በገባንበት ሌሊት፣ የናሳ ዳርት መንኮራኩር ዲሞርፎስ የተባለውን 160 ሜትር ገደማ አለት በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ገጨው። ዲሞርፎስ ዲዲሞስ የተባለውን ትልቅ አስትሮይድ በ11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይዞር ነበር፤ ዙሩ ግማሽ ሰዓት ያህል አጠረ። ሁለቱም ለእኛ አያሰጉም።

ዋናው ነገር ጊዜ ነው። ፍጥነቱ በሴኮንድ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ የተቀየረ አለት በ10 ዓመት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ፈቀቅ ይላል። 10 ወር ብቻ ከቀረ ግን 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ አያድነንም።

ያኔ ነው የኒውክሌር ነገር የሚነሳው። ሐሳቡ አለቱን ማድቀቅ አይደለም። ቦምቡ አጠገቡ ይፈነዳል፣ የአለቱ ገጽ ይተናል፣ ትነቱ አለቱን ይገፋዋል። ይህ ዘዴ ግን አስትሮይድ ላይ ተሞክሮ አያውቅም። በ1959 ዓ.ም. የተፈረመው የሕዋ ውልም ኒውክሌር መሣሪያ ምህዋር ላይ ማስቀመጥን ይከለክላል። እኔ ክልከላው ይቆይ ባይ ነኝ። ለአለት ተብሎ የተሰቀለ ቦምብ ነገ ወደ ማን እንደሚዞር ማን ያውቃል?

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የዋሸራ ላቦራቶሪ የሚያጠናው አዮኖስፌርን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላውን የላይኛውን የከባቢ አየር ክፍል ነው፤ አስትሮይድ ፍለጋ ሌላ ሙያ ነው። ለማየት ግን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከ300 ሜትር በላይ ስፋት ያለው አፖፊስ የተባለ አስትሮይድ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት ሳምንት አርብ፣ ከምድር 32,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያልፋል። አይነካንም። ከአፍሪካ በባዶ ዓይን ይታያል ተብሏል፤ ደመና ከሌለ፣ ከከተማው መብራት ራቅ ማለት ይበቃል።