ከምጽዋ እስከ ነቀምት፦ 38 ዓመት የፈጀ የወንጌል ጉዞ

የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የመጀመሪያዎቹ ሦስት መልእክተኞች በ1866 ምጽዋ ደረሱ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሊሰብኩ የተነሱት ግን ለምጽዋ ሰው አልነበረም። ያሰቡት ኦሮሞ አገር መግባት ነው። ሐሳቡን ያሳደረባቸው ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ነበር። እሱም ቀደም ብሎ ሸዋ ገብቶ፣ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ጥቂት ከቆየ በኋላ መንገዱ ተዘግቶበት ቀርቷል።

ለስዊድኖቹም መንገዱ አልተከፈተም። እስኪከፈት ድረስ ብለው በዛሬዋ ኤርትራ ምዕራብ ኩናማ ምድር ተቀመጡ። እዚያ ወባው አላስቀምጥ አላቸው። አገሩም ሰላም አልነበረም፤ ከመካከላቸው የተገደሉ አሉ። ያልሞቱት በ1870 ገደማ ተመልሰው ምጽዋ ወረዱ። አራት ዓመት ለፍቶ ወደ ተነሱበት ወደብ መመለስ! ስዊድን ሆኖ ዜናውን ለሚሰማ ሰው ነገሩ አበቃለት የሚያሰኝ ነው።

እነሱ ሊደርሱበት ያልቻሉት አገር ልጆች ግን በባሪያ ነጋዴ እየተነዱ ምጽዋ ይመጡ ነበር። ከነዚህ አንዱ የኢሉባቦር ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ኖሮ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። ሚሲዮኑ አስገብቶ አስተማረው፤ በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። የትውልድ ስሙ ሂካ ነበር። በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ኋላ ተርጓሚ መሆኑን ስናይ፣ ልብ ወለድ ቢሆን ደራሲው አበዛው እንል ነበር።

ኦነሲሞስ ነሲብ ስዊድን ሄዶ ተምሮ በ1881 ተመለሰ። ወዲያው ከሚሲዮናውያኑ ጋር አገሩ ለመግባት በሱዳን በኩል ዞረው ሞከሩ። አሶሳ አቅራቢያ ፋማካ ድረስ ዘለቁ፤ ከዚያ ወዲያ ማለፍ አልተቻለም። የጉዞው መሪ አሬኒየስ በመንገድ ሞተ። የቀሩት ካርቱም ሲመለሱ የማህዲ አመፅ ተነስቶ ነበር። ቀጥሎ በዛሬዋ ጅቡቲ ባለችው በታጁራ ወደብ በኩል ሞከሩና በ1886 መጀመሪያ እንጦጦ ደጃፍ ደረሱ። አፄ ዮሐንስ የውጭ ሚሲዮናውያን እንዳይገቡ ከልክለው ስለነበር፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ወደ ባሕሩ መለሷቸው።

ኦነሲሞስ መግባት ሲያቅተው ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዘ። በልጅነቱ ከአገሩ ስለወጣ ኦሮምኛው የሳሳበት ቦታ ነበር። ያን የሞላችለት ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት፤ ቃላት ትሰበስብለት፣ ተረትና ዘፈንም ትጽፍ ነበር። እንደ እኔ የዚህ ሥራ ግማሽ የሷ ነው፤ ስሟ ግን ብዙም አይነሳም። በ1893 አዲስ ኪዳን፣ በ1899 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። ፊደሉ የግዕዝ ነው፤ ሙሉው የታተመው ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ነው።

በ1904 ኦነሲሞስና አስቴር ሁለቱም ወለጋ ገቡ። የነቀምት ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው፤ ነቀምት ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሰው የሚሰማውን ስብከት በገዛ ቋንቋው አገኘ። ይሄ ደግሞ የአካባቢውን ካህናት አስቆጣ። ኦነሲሞስ በ1906 አዲስ አበባ ተከሶ፣ ከአገር እንዲወጣ ሲፈረድበት ምኒልክ ፍርዱን ለወጡ፦ ነቀምት ይመለስ፣ ስብከቱን ግን ይተው።

ስለዚህ ማስተማሩን ያዘ። በ1931 እስኪሞት ነቀምት ኖረ።