ስካውት ሌላ፣ አስጎብኚ ሌላ

ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ሰው ደባርቅ ላይ ቆሞ የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል። ከዚያ «ስካውት ያስፈልግሃል» ይባላል። ብዙዎች ግራ የሚጋቡት እዚህ ጋ ነው። «አስጎብኚ ይዤ የለ እንዴ?»

ሁለቱ አንድ አይደሉም። አስጎብኚው ስለ ቦታው ያስረዳል፣ ያስተረጉማል። ስካውቱ ጠመንጃ ያነገተ የአካባቢው ሰው ነው። ሥራው አብሮ መጓዝና መጠበቅ ነው። የውጭ ቋንቋ ላይችል ይችላል፤ መንገዱን ግን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ባለበቅሎውና ምግብ አብሳዩም ክፍያቸው ለየብቻ ነው።

«ስካውት ማስያዝ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። የዋልያ ቁጥር ማነስ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ከምክንያቶቹ ነበሩ። ከእንግዳ ገቢ የሚያገኝ ገበሬ ዋልያው በሕይወት ቢኖር ይጠቀማል።

ስንቅ ስትይዙ ታዲያ የስካውቱንም አስቡ። የምታድሩበት ካምፕ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ለጭላዳ ዝንጀሮ ግን ዳቦ አትወርውሩ፤ ምግቡ ሣር ነው።