ልብ በአንድ ሌሊት ይታደሳል? ስለ መንፈሳዊ ለውጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ሰው ንስሐ ገባ ወይም ጌታን ተቀበለ ሲባል ወዲያው እንከታተለዋለን። አለቀሰ? አነጋገሩ ተቀየረ? ጓደኞቹን ተወ? ከምንጠብቀው ብዙው ግን መጽሐፍ ቅዱስ ከሚለው ጋር አይገጥምም።

«ልብ በአንድ ቀን ይለወጣል»

ለዚህ የሚጠቀሰው ጳውሎስ ነው። በደማስቆ መንገድ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ሐዋርያ ሆነ። እርግጥ ወዲያው መስበክ ጀምሯል። ነገር ግን ራሱ በገላትያ መልእክቱ እንደሚነግረን መጀመሪያ ወደ ዓረብ አገር ሄዷል። ጴጥሮስን ለማየት ኢየሩሳሌም የወጣው ከ3 ዓመት በኋላ ነው።

የእንግሊዛዊው መርከበኛ የጆን ኒውተን ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ1748 እ.ኤ.አ. የተሳፈረባት መርከብ በማዕበል ልትሰጥም ስትል ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ያንን ቀን ዕድሜ ልኩን ሲያስበው ኖሯል። ከዚያስ ምን አደረገ? የባሪያ መርከብ ካፒቴን ሆነ! እየጸለየ አፍሪካውያንን በሰንሰለት አስሮ ያሻግር ነበር። በ1754 ባሕሩን የተወውም ስለታመመ እንጂ ሕሊናው ስለወቀሰው አልነበረም። በኋላ ቄስ ሆነ። የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ ጽሑፍ ያሳተመው ግን በ1788 ነው፤ ከማዕበሉ 40 ዓመት በኋላ። ያኔ በማዕበሉ ጊዜ ሙሉ አማኝ እንዳልነበረ ራሱም ጽፏል። ለእኔ ይህ ታሪክ ከብዙ የቲክቶክ ምስክርነት ይበልጥ ይታመናል። ጳውሎስም የውስጡ ሰውነታችን «ዕለት ዕለት ይታደሳል» ነው ያለው።

«ካላለቀስክ ንስሐህ ከልብ አይደለም»

ጴጥሮስ አልቅሷል። ስለ ዘኬዎስ ግን ሉቃስ የጻፈልን እንባውን ሳይሆን ሒሳቡን ነው። የሀብቱን ግማሽ ለድሆች፣ ላታለለው ሰው ደግሞ አራት እጥፍ። እንባ ከመጣ ይምጣ፤ የተበላ ገንዘብ ካለ ግን ይመለስ።

«እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው»

አባባሉ እውነት ነው። ግን ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ሰው ከሰደብን በኋላ ነው። «አፌ ነው እንጂ ልቤ ንጹሕ ነው» እንላለን። ቃሉ የተነገረው ነቢዩ ሳሙኤል የዳዊትን ታላቅ ወንድም የኤልያብን ቁመትና መልክ አይቶ ንጉሥ የሚሆነው እሱ ነው ብሎ ባሰበ ጊዜ ነው። ለክፉ አመል ማመካኛ አይሆንም። ጌታ ራሱ «በልብ ሞልቶ ከተረፈው አፍ ይናገራል» ብሏል።

«የታደሰ ሰው አይፈተንም፤ ሌላውን የማረምም መብት አለው»

ሙሴ ጸሊም (ጥቁሩ ሙሴ) የተባለው አባት ቀድሞ ሽፍታ ነበር። በግብፅ በረሃ፣ በአስቄጥስ ከመነኮሰ በኋላም ፈተናው ወዲያው አልተወውም። የዝሙት ሐሳብ እያስጨነቀው ወደ መንፈሳዊ አባቱ ወደ አባ ኤስድሮስ ይሮጥ እንደነበር ታሪኩ ይናገራል። ታላቅ አባት ከሆነ በኋላ በአንድ ጥፋተኛ መነኩሴ ላይ ለመፍረድ ጉባኤ ተጠራ። እምቢ አለ። ሲለምኑት ቀዳዳ ዘንቢል አሸዋ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ አላየውም፤ እኔ ግን በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። መነኩሴውን ማሩት። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ታስበዋለች።

«ጾሙን ከጨረስኩ ልቤ ታድሷል»

55 ቀን ከሥጋና ከወተት መራቅ ቀላል አይደለም፤ የጾመ ያውቀዋል። ነገር ግን ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ የሚወቀሱት ሰዎችም ጾመኞች ናቸው። ጥፋታቸው ምን ነበር? በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቁ ነበር። ነቢዩ አትጹሙ አላለም። እንጀራችሁን ለተራበ ቁረሱ፣ የተገፋውን ልቀቁ ነው ያለው። የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝም ከፋሲካ በፊት ይከፈላት።